መድረክ የተሸከሙ የአይስላንድ መጻሕፍት

ያላየሁትን አልጽፍም። ይህን ልማድ የተማርኩት አዲስ አበባ፣ አንድ ጋዜጣ ዜና ክፍል ውስጥ ነው። ዳላስ ከመጣሁ በኋላም አልተውኩትም። በሥራ ቀን ሌዊስቪል አንድ መጋዘን ውስጥ የዕቃ መውጫ ሰነድ እመረምራለሁ፤ እሁድ እሁድ ለማኅበረሰባችን ሬዲዮ ዜና አነባለሁ። ባለፈው ታኅሣሥ ግን ልማዴን አንድ ቀን አፈረስኩ። «ማኅበራችን አራት መቶ የአይስላንድ መጻሕፍት የያዘ ቤተ መጻሕፍት ሊከፍት ነው» የሚል መግለጫ በስልኬ ደረሰኝ። መጋዘኑ የፈረንጆች ገና ሰሞን ሥራ በዝቶበት ስለነበር ሄጄ ሳላይ፣ አንድም ሰው ሳልጠይቅ አነበብኩት።

ቤተ መጻሕፍት የሚባል ነገር አልነበረም። በዚያን ጊዜ መጻሕፍትስ ነበሩ ለማለትም ያስቸግራል።

ነገሩ ከየት እንደመጣ በኋላ ያጣራሁትን ላስቀድም። ፋርመርስ ብራንች ውስጥ አንዲት አይስላንዳዊት ባልቴት ይኖሩ ነበር። በወጣትነታቸው አገራቸው የነበረ አሜሪካዊ ወታደር አግብተው ቴክሳስ መጡ፤ ባላቸው ሞተ፤ እሳቸው አረጁ። የምትንከባከባቸው ደግሞ አንዲት የመንዝ ልጅ ነበረች። ዲቪ ደርሷት የመጣች፣ አርባ ዓመት ያልሞላት፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ሴትዮዋን «እማማ» ነው የምትላቸው።

እማማ ጤነኛ ሳሉ በየቀኑ ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ቋንቋቸውን አስተምረዋታል። በአንድ መጽሐፍ ብቻ። መጽሐፉን የጻፉት የእማማ አጎት ናቸው፤ ገበሬ ነበሩ። በዚያ አገር ገበሬም መጽሐፍ ይጽፋል፤ የጻፈውም ይነበባል። የሚጽፈው ደግሞ ልቡ እንዴት እንደተሰበረ አይደለም። እኚህ ሰውዬ የጻፉት በሸለቋቸው ውስጥ የነበሩትን ቤቶች፣ የየቤቱን ባለቤት፣ ማን በየትኛው የበረዶ ውሽንፍር እንደሞተ፣ መኸር ሲደርስ በጎች ከተራራ ተሰብስበው በጆሮ ምልክታቸው ለየባለቤታቸው እንዴት እንደሚለዩ ነው። ልጅቷ ጽሑፉን ከፍ ባለ ድምፅ ማንበብ እንድትችል በየገጹ ጠርዝ ላይ አነባበቡን በእርሳስ፣ በእኛው ፊደል ጻፈች። ትርጉሙንም ጎን ለጎን። አራት ዓመት ፈጀባት።

ከዚያ እማማን ስትሮክ መታቸው። እንግሊዝኛው ተጠርጎ ሄደ፤ የተወለዱበት ቋንቋ ብቻ ቀረ። እዚህ የተወለደችው ልጃቸው አይስላንድኛ አትችልም። በመላው ሰሜን ቴክሳስ ከእማማ ጋር መነጋገር የምትችል እኔ የማውቃት አንዲት የመንዝ ሴት ብቻ ናት። እማማም ከሕመሙ በኋላ አንድ ጠባይ አመጡ፦ መጽሐፉ ሳይነበብላቸው አፋቸውን አይከፍቱም። እያነበበች ማንኪያውን ታቀርባለች፤ እየሰሙ ይጎርሳሉ።

ልጅቷ እህቷ ወልዳ ልትጠይቃት ሁለት ሳምንት ሚኒሶታ ሄደች። በዚያ መሃል የእማማ ልጅ እናቷን ሌዊስቪል ወደሚገኝ የአረጋውያን ቤት አዛወረቻቸው፤ ቤቱም ለሽያጭ ተዘጋጀ። መጻሕፍቱን ምን ታድርጋቸው? እናቴን ለምትንከባከበው ሴት ወገኖች ይሁኑ ብላ ለማኅበራችን ሰጠቻቸው። በቅን ልቦና ነው። ከመጻሕፍቱ ጋር ያ መጽሐፍ መሄዱን አላወቀችም። ለማን እንደምትሰጥም አላወቀችም፤ እኛን አታውቀንማ።

የማኅበራችን ሊቀመንበር አዲሰን ውስጥ ቢሮ ያለው ቤት አሻሻጭ ነው። ሽክ ብሎ ይለብሳል፤ ሲያወራ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። አይስላንዶች በገና ዋዜማ መጽሐፍ እንደሚሰጣጡና ሌሊቱን ሲያነቡ እንደሚያድሩ ከአንድ አጭር ቪዲዮ ተማረ። እውነት ነው፣ ይሰጣጣሉ። እሱ ግን ከዚህ የተረዳው ማንበብን አይደለም፤ ዝግጅትን ነው። «የመጽሐፍ ገና» ብሎ ሰየመው። የእኛ ገና ዋዜማ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን የሚያድርበት መሆኑ ትዝ ያለው ፖስተሩ ከተበተነ በኋላ ነው። ቀኑ ወደ ቅዳሜ ከሰዓት ተዛወረ።

ፋርመርስ ብራንች ከመጋዘኖቹ መሃል ያለው አዳራሻችን ስደርስ ወደ መቶ ሰው ገብቷል። እያንዳንዱ ሰው አንድ መጽሐፍ ጠቅልሎ እንዲያመጣና በዕጣ እንዲለዋወጥ ታዝዟል። አጠገቤ የነበሩት ሲፈቱ አየሁ። አንዱ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ መለማመጃ ደረሰው። አንዷ የነርስነት ፈተና ማዘጋጃ፤ መልሶቹ ተሞልተዋል። ሁለት ሰዎች በስድስት ሳምንት እንዴት ሚሊየነር እንደሚኮን የሚያስተምረውን ያንኑ መጽሐፍ ተለዋወጡ፤ ሁለቱም ሳቁ፤ ሁለቱም ወንበር ላይ ትተውት ሄዱ።

«ሶ፣ ይሄን ማንበብ ግዴታ ነው እንዴ?» አለ መንጃ ፈቃዱ የደረሰው።

«ፎቶ ብቻ ነው ባክህ» አለው ጓደኛው።

ከመድረኩ ኋላ ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ መጽሐፍ ነው። ወርቃማ ጽሑፍ፣ ቡናማ ቆዳ፣ ሰማያዊ ጨርቅ። ሰው ሁሉ ተራ እየጠበቀ ከፊቱ ፎቶ ይነሳል። እኔም ከሩቅ ሳየው ዜናዬ ትክክል ነበር ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ። ቀረብ ብዬ መንካት ነበረብኝ። አልነካሁም።

ሊቀመንበሩ ወጣና ማይክራፎኑን ያዘ። አይስላንድ ትንሽ አገር መሆኗን፣ እኛ ግን ትልቅ ሕዝብ መሆናችንን ተናገረ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ከዚህ ውስጥ የሚያስደንቃችሁን ልንገራችሁ። እዩ፣ የደራሲዎቹን ላስት ኔም እዩ። ዶህቲር፣ ዶህቲር፣ ዶህቲር! ይሄ ሁሉ አንድ ቤተሰብ ነው! አስራ ሦስት ሴት ደራሲ ከአንድ ቤት! እኛ ከየቤታችን አንድ እንኳን ብናወጣ ምን አለበት?»

አዳራሹ አጨበጨበ። ዕድሜውን ሙሉ በአባቱ ስም የተጠራ ሕዝብ፣ መንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ገብቶ «ይሄ የቤተሰብ ስሜ አይደለም፣ አባቴ ነው» እያለ የተከራከረ ሕዝብ አጨበጨበ። በዓለም ላይ ይህን ሳይነገረው ሊረዳ የሚገባው ሕዝብ ቢኖር እኛ ነበርን።

«ቤተሰብ አይደሉም።»

ድምፁ የመጣው ከበሩ አካባቢ ነው። የነርስ ረዳት ልብስ የለበሰች፣ ከሥራ በቀጥታ የመጣች ሴት ቆማለች። ያኔ አላውቃትም ነበር።

«ምን አልሽ እህቴ?» አለ ሊቀመንበሩ፣ እጁ ደረቱ ላይ።

«ቤተሰብ አይደሉም። ዶህቲር ማለት ልጅ ማለት ነው፣ ሴት ልጅ። የአባታቸው ስም ነው ከፊቱ ያለው። እንደኛ ናቸው። ላስት ኔም የላቸውም።»

ጥቂት ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩም አብሮ ሳቀ፤ ይህን ይችልበታል።

«ይኸው! መጽሐፉ ገና ሳይነበብ ምሁር እያፈራ ነው! አጨብጭቡላት!»

አጨበጨቡላት። እሷ ጭብጨባውን አልሰማችውም፤ በወንበሮቹ መሃል አልፋ ወደ ግድግዳው እየሄደች ነበር። አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች አነበበች። ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ስትደርስ ቆመች። አንድ ግራጫ ጀርባ ያለው መጽሐፍ ነው፤ ተገልብጦ ቆሟል። ልታወጣው ሳበችው። አልወጣም። በጥፍሯ ይዛ እንደገና ሳበችው። ከዚያ እጇን ወደ ጎን አሳለፈች፤ ከጀርባው ኋላ ጣውላ ነበር።

መጽሐፍ አልነበረም። ጀርባው ብቻ ተቆርጦ የተለጠፈ ነው። አራት መቶውም።

ያን ጊዜ ተነስቼ ሄድኩ። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ፊቷ አልተለወጠም።

«እርስዎ ነዎት እንዴ ጋሼ? ዜናውን የሰማሁት ከእርስዎ ነው» አለችኝ። «ቤተ መጻሕፍት ከሆነማ እዋሳለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። እማማ እኔ ሳልኖር ትንሽ ትንሽ ይቀምሱ ነበር አሉ፤ ምግብም ንግግርም ጨርሰው ከተዉ ሦስት ቀናቸው። ውኃና ጭማቂ በማንኪያ፣ ሌላ እንቢ ብለዋል። ነገ ሐኪሙ በቱቦ እንመግባቸዋለን ብሏል።»

ከዚያ ከላይ የጻፍኩትን ታሪክ በአጭሩ፣ ቆማ ነገረችኝ። አላለቀሰችም። እኔም አላጽናናኋትም። ማጣራት ያለብኝ አንድ ነገር ነበር፦ የመጻሕፍቱ ውስጥ የት ሄደ?

ግድግዳውን የሠራው አናጢ የእኛው ሰው ነው፤ ከጓሮ በኩል ሰሃን ይዞ ይበላ ነበር።

«ሊቀመንበሩ ነው ስታይሉን የመረጠው» አለ። «ሙሉውን ብናቆመው ይከብዳላ፣ ግድግዳው ሺትሮክ ነው፣ ስስ የጂፕሰም ሰሌዳ። ሶ፣ በመጋዝ ጀርባውን ላጥ ላጥ አደረግነው።»

«በእጅ የተጻፈበት መጽሐፍ አላየህም?» አለችው ልጅቷ። «በእርሳስ፣ ጠርዙ ላይ።»

«አማርኛ ያለበት? እንዴ፣ አይቻለሁ። በጣም ነው የገረመኝ።»

«ታዲያ?» አልኩት።

«ታዲያ ምን? ቆረጥኩት።»

ይህን ሲል አልተሸማቀቀም። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ማንም በማይችለው ቋንቋ በተጻፈ መጽሐፍ ጠርዝ ላይ የራሱን ፊደል፣ ገጽ ከገጽ፣ አየ፤ ገረመው፤ መጋዙን አስነሳ። በብዙ ዓመት ሥራዬ ስለ ንባብ ባህላችን ብዙ ንግግር ቀድቻለሁ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም።

«ወረቀቱን ጣልከው?»

«ኧረ አልጣልኩም። መድረኩ ዝቅ ብሎ ነበር፤ እሱን ደርድሬ ከፍ አደረግኩበት። ጠንካራ ነው፣ ምንም አይልም።»

መድረኩን አየሁት። ዙሪያው ቀይ ጨርቅ ተጋርዶበታል። ከላይ ሊቀመንበሩ ሰዉን ለምግብ ዕረፍት እየለቀቀ ነበር። ጠጋ ብዬ ነገሩን ነገርኩት፦ ከታች ያለውን ማየት እንፈልጋለን፤ ምግብ እንቢ ያሉ ሰው ጉዳይ ነው።

«ወንድሜ፣ ላይቭ ነን» አለኝ ፈገግ እያለ። «ዕቃ አሁን አይነካም። ሰኞ ይምጡ።»

«ሰኞ ድረስ ባልቴቷ በቱቦ ነው የሚመገቡት።»

«እኔ ዶክተር ነኝ እንዴ? ደግሞ ስጦታ ነው፤ የማኅበሩ ንብረት ሆኗል።»

ስልኬን አወጣሁና መቅጃውን ከፈትኩ። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም።

«ኦኬ። ለነገው ዜና አንድ ጥያቄ ብቻ። አራት መቶ መጻሕፍት የት አሉ?»

ግድግዳውን አየ፤ ስልኬን አየ፤ ካሜራውን አየ። እጁ ከደረቱ ወረደ።

«ሃያ ደቂቃ» አለ። «ጨርቁን እንዳታነሱት። በኋላ በኩል ግቡ።»

በኋላ በኩል ገባን። በደረታችን ተሳብን ማለቱ ይቀላል። ከጣውላው በታች መጻሕፍቱ አምድ አምድ ሆነው ተደርድረዋል፤ ልባሳቸው የለ፣ ጀርባቸው የለ። ክሩ የተቆረጠ ወረቀት ብቻ፣ በማሸጊያ ቴፕ ታስሮ። ስልኮቻችንን አብርተን ከዳር ጀመርን። አንዱን መዝዘን፣ ጠርዙን አይተን፣ ወደ ጎን። ግጥም ይሁን ታሪክ፣ የዓሣ አጥማጅ ሕይወት ይሁን ስብከት እኔ አላውቅም። እሷ እየገለጠች ዝቅ ባለ ድምፅ የምትላቸውን ቃላት እሰማለሁ። የአንዱ መጽሐፍ ገጾች ከማተሚያ ቤት እንደወጡ በጠርዛቸው እንደተያያዙ ነበሩ፤ ባልቴቷ ሳያነቡት የቀሩት ይመስላል። ከአራት መቶው ያላነበቡት አንድ ብቻ እንደሆነ ገመትኩ፤ ግምት መሆኑን ልብ በሉልኝ።

«በጎቹን እንዴት ነው የተረዳሻቸው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«እኛም ጋ እኮ የበግ ጆሮ እንቆርጣለን ጋሼ። ሰውዬው ስለ ምልክቱ ሲጽፉ የኛን ሰፈር የጻፉ ነው የመሰለኝ። መጀመሪያ የገባኝ ዐረፍተ ነገር ‹ይቺ በግ የኔ ናት› የሚለው ነው።»

ሃያው ደቂቃ አለቀ። ሊቀመንበሩ ተመለሰ፤ ጫማው ከራሳችን በላይ ጠቅ ጠቅ ሲል ሰማን። ቀጥሎ አንድ ገጣሚ ተጋበዘ፤ ስለ ገዛ ራሱ ብቸኝነት ረጅም ግጥም አነበበ። አስራ አንድ ጊዜ «እኔ» አለ፤ ቆጥሬያለሁ፤ ሌላ የሚሠራ ነገር አልነበረኝም፤ አምዱን እሷ ነበረች የምትመረምረው። ከዚያ ሊቀመንበሩ እንደገና ማይክራፎኑን ያዘ።

«እኛ» አለ፣ «በመጽሐፍ ላይ የቆምን ሕዝብ ነን!»

ከሥሩ ተኝቼ ይህን መካድ አልቻልኩም።

«አገኘሁት» አለች ልጅቷ።

ከማእዘኑ አምድ ግርጌ ነበር። የእርሳሱ ፊደል ከዳር ይታያል፤ አንድ ገጽ ላይ ሾርባ የፈሰሰበት ቢጫ ክብ አለ። እሷ ያየችው መጀመሪያ ክቡን ነው። ከሥር ያለ መጽሐፍ ሲመዘዝ ምን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን። ተያየን። ሳበችው።

ማእዘኑ አንድ ጣት ያህል ዝቅ አለ። ማይክራፎኑ ጮኸ፤ ሊቀመንበሩ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ተንደረደረና ቆመ። ከዚያ «ይህ ታሪካዊ ቀን ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ካቆመበት ቀጠለ። ይችልበታል ብያለሁ።

በማግስቱ በዜና ሰዓቴ እርማት አነበብኩ፤ አራት ዐረፍተ ነገር ነበር፦ ቤተ መጻሕፍት እንደሌለ፣ መጻሕፍቱ እንደተቆረጡ፣ ወረቀቱ ከመድረክ ሥር እንደሚገኝ፣ ሳላጣራ ያነበብኩት እኔ እንደሆንኩ። ብዙ ሰው ደወለ። ስለ መጻሕፍቱ የጠየቀኝ አንድም የለም። አንዱ ምቀኛ አለኝ፤ አንዷ ግድግዳው እንዲያ ሲያምር ምን ቸገረህ አለችኝ። ሊቀመንበሩ ዛሬም በየሳምንቱ ከግድግዳው ፊት ቆሞ ቪዲዮ ይቀዳል። ከግራ ጆሮው በላይ የእማማ አጎት ስም ተገልብጦ ይታያል።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ልጅቷ መኪናዋን ራቅ አድርጋ ፓርክ አድርጋ ስለነበር በእኔ መኪና ሄድን። መጽሐፉን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ይዛዋለች፤ ገጾቹ እንዳይበተኑ። ሌዊስቪል እስክንደርስ ፀሐይ አልጠለቀችም። በመንገድ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች።

«የውስጠኛው ጠርዝ ላይ የጻፍኩት ተቆርጧል። አንዳንድ ቦታ።»

«ታስታውሽዋለሽ?»

«አንዳንዱን።»

እማማ መስኮት አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ነጭ ፀጉር፣ አጥንት የሆነ እጅ፣ የተዘጋ አፍ። ፊታቸው ያለው ጠረጴዛ ላይ ገንፎ የመሰለ ነገር በሳህን ቀዝቅዟል። የቤቱ ሠራተኛ ማንኪያውን ሁለት ጊዜ ሞክራ እንዳስቀመጠችው ነገረችን። ልጅቷ ተንበረከከችና መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አኖረችው።

አላዩትም፤ ዳሰሱት። አውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ጀርባው የነበረበትን ቦታ ሄደበት፤ ሙጫው የደረቀበትን፣ የተቆረጠውን ክር። ተመልሶ ሄደበት። ከዚያ ከሦስት ቀን ዝምታ በኋላ አንድ አጭር ነገር ተናገሩ፤ ጠንከር ባለ ድምፅ።

«ምን አሉ?» አልኩ።

ልጅቷ እንደተንበረከከች ወደ እኔ ዞረች።

«‹ማነው የገፈፈው?› ነው ያሉት። በግ ሲገፈፍ የሚባለውን ቃል ነው የተጠቀሙት። ከመጽሐፉ ነው የማውቀው።»

«ምን ትያቸዋለሽ?»

በዚያው ቋንቋ ሁለት ቃል መለሰችላቸው። እማማ ሰሙ፤ ወደ እኔ ዞረው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ዐይናቸው ሰማያዊ ነው፤ ይቅርታ የሚባል ነገር አላየሁበትም፤ ትክክል ነበሩ።

«ምን አልሻቸው?»

«‹የኔ ሰዎች› አልኳቸው» አለች፤ ማንኪያውን አነሳች፤ ገጹን ገለጠችና የእርሳሷን ፊደል እየተከተለች ማንበብ ጀመረች። የተቆረጠው ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ቃሉ ጠፋት። እማማ ራሳቸው ቃሉን አቀበሏትና አፋቸውን ሳይዘጉ ጠበቁ።

ሰባት ማንኪያ በሉ። ይህን አይቻለሁ።